መልስ፦ ስቴንለስ በቲግ ሲበየድ ለምን ይጠቁራል?

ወንድሜ፣ ተክለሃይማኖት ጋ ባለው ሱቅህ በቲግ (ከተንግስተን ዘንግ በሚነሳ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ወይም አርክ፣ ብየዳውን ከአየር በሚከልል አርጎን ጋዝ) የምትበይደው ስቴንለስ እየጠቆረና እየተቦረቦረ ስላስቸገረህ፣ «አርጎኑን በደቂቃ 20 ሊትር ላድርሰው ወይስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀላቅልበት?» ብለሃል። ሁለቱንም ተው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአርኩ ሙቀት ሲበታተን ኦክስጅን ይለቃል፤ ተንግስተንህን ይበላዋል። አርጎኑም ሲበዛ ይታመስና ከኖዝሉ (ከጋዙ መውጫ አፍ) ዳር አየር ይስባል። በደቂቃ ከ8 እስከ 10 ሊትር ይበቃል።

በር ላይ ነው የምትበይደው? የመንገዱ ንፋስ ጋዙን ይገፈዋል፤ በላሜራ ከልለው። የጋዙን ጎማ መጋጠሚያ የሳሙና አረፋ ቀብተህ እንደሚያፈስ እይ። አርኩን ስታጠፋ ቶርቹን (መበየጃውን) ቶሎ አታንሳ፤ ብየዳው ቀይ እያለ አየር ካገኘው ይጠቁራል፣ የተንግስተኑም ጫፍ ሰማያዊ ይሆናል። ከ5 እስከ 8 ሰከንድ ጋዙ ይፍሰስበት። የቧንቧው ውስጥ ከጠቆረ ግን በውስጥም አርጎን ይፈልጋል።

የአርጎን ውድነትስ ከምን መጣ? አርጎን ከአየር 0.93 በመቶ ብቻ ነው፤ የሚለየውም አየርን አቀዝቅዞ ፈሳሽ በማድረግ ነው። የአርጎን መፍሊያ −186፣ የኦክስጅን −183 ዲግሪ ስለሆነ ሁለቱን ማላቀቅ ቀላል አይደለም። ባለ 40 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር ወደ 6,000 ሊትር ጋዝ ይይዛል፤ በደቂቃ 10 ሊትር ብትለቅ 10 ሰዓት ያህል አርክ ነው። ከዚያ በጣም ቀድሞ ካለቀ የሚያፈስ ነገር አለ። ደግሞ ሽታ የለውም፣ ከአየርም ይከብዳል፤ አየሩን ገፍቶ ስለሚያፍን ፋን ሳይኖርህ ታንከር ውስጥ እንዳትገባ።