አማቴ ዐቢይ ጾምን በእኛ ቤት ሊጾሙ ነው

ለምክር አምዱ አዘጋጆች፤ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ያደግሁት በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ባለቤቴ የኦርቶዶክስ ልጅ ሲሆን ከመጋባታችን በፊት ወደ እኛ መጣ። እናቱ በዚህ በጣም አዝነው ነበር፤ እስካሁንም አልሻረላቸውም። አሁን ጤናቸው ስለ ደከመ ከደብረ ታቦር ወደ ሐዋሳ መጥተው ከእኛና ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር ሊኖሩ ነው። ሲመጡ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ብቻ ይቀረዋል። በየወሩ በ12 የሚካኤልን ዝክር ይዘክራሉ፤ እዚህም መቀጠል ይፈልጋሉ።

ልሰብካቸው አልፈልግም። የማላምንበትን እያደረግሁ ማስመሰልም አልችልም። ግን ሁላችንም ክርስቲያን ነን እያልን በአንድ ቤት አብረን ካልጸለይን ልጆቼ ምን ይማራሉ? ከየት ልጀምር?

ምራታቸው፣ ከሐዋሳ

ውድ እኅታችን፤

ካንቺ በፊት የባለቤትሽ ሥራ ይቀድማል። ልጇ ቤተ ክርስቲያን የቀየረባት ኦርቶዶክሳዊት እናት ከሚያስጨንቋት ነገሮች አንዱ «ስሞት ማን ፍትሐት ያስደርግልኛል? ተዝካሬን ማን ያወጣል?» የሚለው ነው። አማትሽ አፍ አውጥተው ላይናገሩት ይችላሉ። ስለዚህ በመጡ በመጀመሪያው ሳምንት ልጃቸው ብቻቸውን አግኝቷቸው፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ሥርዓት እንደሚቀብራቸው ቃል ይግባላቸው። የክርስትና ስማቸውንም ጠይቆ ይጻፍ፤ ፍትሐት የሚደረገው በዚያ ስም ነውና። የንስሐ አባታቸውን ስልክ ይያዝ፤ ሐዋሳም ውስጥ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ያስተዋውቃቸው። ይህ ሳይደረግ «አብረን እንጸልይ» ብትሏቸው፣ እርሳቸውንም ልትወስዷቸው የመጣችሁ ይመስላቸዋል።

ወደ ጸሎቱ ስንመጣ፣ ግማሽ ከእናንተ ግማሽ ከእርሳቸው የተቀላቀለ አዲስ ሥርዓት አትፍጠሩ። ሁለታችሁም ከልጅነት ጀምሮ የምትሉትን ውሰዱ፤ እርሱም መዝሙረ ዳዊትና «አባታችን ሆይ» ነው። ማታ ከእራት በፊት አንድ መዝሙር፣ ከዚያ «አባታችን ሆይ»፤ ሁሉም ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። መዝሙሩን እርሳቸው ይምረጡ። ማንበብ ባይችሉ እንኳ ብዙ የዳዊት መዝሙር በቃላቸው ሊያውቁ ይችላሉ፤ ካወቁ እርሳቸው ይበሉት፣ ልጆቹ ይከተሏቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ የምትመስል ግን ሰውን የምታጋጭ ነገር አለች። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» ባንቺ መጽሐፍ ቅዱስ 23ኛው ሲሆን በእርሳቸው ዳዊት 22ኛው ነው። «አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» ባንቺ 51፣ በእርሳቸው 50 ነው። የእርሳቸው ዳዊት የግሪኩን የሰባ ሊቃናት አቆጣጠር ስለሚከተል ያንቺን 9ኛና 10ኛ አንድ አድርጎ ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ ያሉት አብዛኞቹ በአንድ ይለያያሉ፤ ከ148 እስከ 150 ግን እንደገና ይገጥማሉ። ስለዚህ መዝሙሩን በቁጥር ሳይሆን በመጀመሪያው ቃል ጥሩ። በእርሳቸው መጽሐፍ መጨረሻ 151ኛ መዝሙር ብታገኚ «ይህ ከየት መጣ?» ብለሽ ክርክር አትክፈቺ።

ሁለተኛዋ ጥንቃቄ «አባታችን ሆይ» ያለቀበት ቦታ ላይ ናት። አንቺ «አሜን» ስትዪ እርሳቸው ሳያቋርጡ ወደ እመቤታችን ጸሎት ይቀጥላሉ። አታቋርጫቸው፤ ልጆቹንም «ቁጭ በሉ» አትበዪ። ሳትዪው ዝም ብለሽ ቆመሽ ጠብቂ። የጸሎቱ መጀመሪያ የመልአኩ የገብርኤልና የኤልሳቤጥ ሰላምታ ስለሆነ ሉቃስ ምዕራፍ 1ን ለልጆችሽ ብታነቢላቸው አያቴ ምን እያሉ ነው ለሚለው ጥያቄያቸው መልስ ይሆናል። ሲጸልዩ ነጠላ ተከናንበው ወደ ምሥራቅ ፊታቸውን መልሰው ይቆማሉ፤ አብረሽ ቁሚ። አንቺ የለመድሽውን በራስ ቃል የሚደረግ ረጅም ጸሎት ክፍልሽ ውስጥ አድርጊው። ከሁሉ በላይ እርሳቸው ባሉበት «ጌታ ሆይ፣ የእናታችንን ዓይን አብራ» ብለሽ እንዳትጸልዪ። እግዚአብሔርን እያናገርሽ እርሳቸውን መውቀስ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ አብረውሽ ለጸሎት አይቆሙም።

እሑዶቹ ደግሞ ትልቅ ዕድል ናቸው። የዐቢይ ጾም ስምንቱ እሑዶች እያንዳንዳቸው ስምና የወንጌል ክፍል አላቸው፤ ሁሉም ባንቺ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። ለምሳሌ ቅድስት ማቴዎስ 6፣ ምኵራብ ዮሐንስ 2፣ መጻጉዕ ዮሐንስ 5፣ ደብረ ዘይት ማቴዎስ 24፣ ገብር ኄር ማቴዎስ 25፣ ኒቆዲሞስ ዮሐንስ 3 ነው። ከቅዳሴ ሲመለሱ «ዛሬ የተነበበው ምን ነበር?» ብለሽ ጠይቂያቸውና አብራችሁ አንብቡት። አስተማሪዋ እርሳቸው ይሁኑ። የእነዚህን እሑዶች ትርጉም ካንቺ አብልጠው ያውቁታልና፣ በምራታቸው ቤት ክብር ያለው ቦታ ያገኛሉ።

ወጥ ቤት ውስጥ ጾሙ 55 ቀን ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም። ብዙ ጊዜ ስህተት የሚፈጠረው ሳይታሰብ ነው፤ ቅቤ የነካው ማማሰያ ሽሮ ውስጥ ይገባል፣ ከሱቅ የተገዛው ኬክ ወተትና እንቁላል አለው። አንድ ድስት፣ አንድ መጥበሻና አንድ ማማሰያ ለጾም ብቻ ለዪ። ዓሣን በተመለከተ ምእመናን ይለያያሉና ሳትጠይቂ አታቅርቢ። እራት ለሁሉም የጾም ይሁን፤ ልጆቹ እንቁላላቸውን ጠዋት ይብሉ። እርሳቸው እስከ 9 ሰዓት ሊቆዩ ስለሚችሉ ቁርስ አትጨቅጭቂ። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ካላቸው ግን ሐኪማቸውን አማክሩና ጉዳዩን ወደ ንስሐ አባታቸው ውሰዱት። ቄሱ «ይብሉ» ቢሏቸው ይሰማሉ፤ አንቺ ጥቅስ ጠቅሰሽ ብትነግሪያቸው ግን ጾሜን ልታስፈታኝ ነው ይላሉ።

ዝክሩ ከሁሉ ይከብዳል፤ ሁለታችሁንም የሚያረካ መንገድ ያለ አይመስለንም። ማስተናገድንና መካፈልን ግን መለየት ይቻላል። ዳቦውን መጋገር፣ ቡና ማፍላት፣ እንግዳ መቀበል ለአማትሽ የምታደርጊው አገልግሎት ነው። ጠበል ጸዲቁን መቅመስ ኅሊናሽ ካልፈቀደ ወሩ 12 ከመድረሱ በፊት፣ ሰው በሌለበት፣ ባለቤትሽ ባለበት ንገሪያቸው። ሮሜ 14 የሚበላውም የማይበላውም እርስ በርስ እንዳይናናቁ ስለሚያዝዝ ንግግሩን ከዚያ ብትጀምሪ ይረዳል። እንግዶች ፊት ሳህን መመለስ ግን እርሳቸውን ማዋረድ ነው። ጠላ የማትጠጡ ከሆነ ብርዝ አዘጋጂ፤ ለእንግዶቹም ይሆናል።

ልጆቹ አንገት ላይ ማተብ ማሰርንና ጸበል መውሰድን በተመለከተ ውሳኔው የእናንተ የወላጆቹ ነው። ሳይደረግ በፊት፣ ልጃቸው ራሱ፣ በትሕትና ይንገራቸው። ተደርጎ ካገኛችሁት ግን ማተቡን በቁጣ አትበጥሱ፤ ለብቻ ተነጋገሩበት።