ግራፍ በሚሥለው ካልኩሌተር ዙሪያ፦ ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

ሳቢያን ሰፈር ሒሳብ አስጠናለሁ። ሰሞኑን የተጠየቅኩትን ሁሉ እዚህ ልመልስ። አብዛኞቻችሁ የያዛችሁት ቲአይ-84 ፕላስ ስለሆነ የቁልፎቹን ስም በእሱ እጠራለሁ።

ጥያቄ፦ ሳይን 30 ስለው −0.988 ይለኛል። እዚሁ ድሬ ከታይዋን ገበያ ነው የገዛሁት፤ ተበልቻለሁ እንዴ?

መልስ፦ አልተበላህም ወንድሜ። ማሽኑ ራዲያን ላይ ነው፤ ማዕዘንን በዲግሪ ሳይሆን በሌላ መለኪያ እያነበበ ነው። ሞድን ተጫን፣ በቀስቱ ዲግሪ ላይ ሂድ፣ ከዚያ ኢንተር በል። ብዙ ሰው ኢንተሩን ይረሳና "ቀየርኩት እኮ" ይላል። ለመውጣት ሴኮንድ፣ ቀጥሎ ሞድ። አሁን 0.5 ይሰጥሃል። ካልኩለስ ስትጀምር ግን ወደ ራዲያን መልሰው።

ጥያቄ፦ ሴኮንድ የሚባለው ቁልፍ ምን ይሠራል?

መልስ፦ ከቁልፎቹ በላይ በቀለም የተጻፈውን ያወጣልሻል። አልፋ ደግሞ ፊደሎቹን።

ጥያቄ፦ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 50 አስገብቼ ግራፍ ስጫን የኤክስና የዋይ መስመሮቹ ብቻ ናቸው የሚታዩት።

መልስ፦ ማሽኑ ሲጀምር የሚያሳየው ከ−10 እስከ 10 ነው። ያንቺ ኩርባ ደግሞ ከ50 በታች አይወርድም። ከከዚራ ሆነሽ በጠባብ መስኮት ከፍታ ላይ ያለውን ደንገጎን እንደመፈለግ ነው። ዊንዶው ግቢና ዋይ ማክስን 150 አድርጊው። ከቸኮልሽ ዙም፣ ከዚያ 0።

ጥያቄ፦ −3 ስኩዌር −9 አለኝ። አንዳንዴ ደግሞ ሲንታክስ ኤረር ይላል።

መልስ፦ እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ ፈተና ላይ ነጥብ የሚበላው ይሄ ነው። ማሽኑ መጀመሪያ 3ን ስኩዌር ያደርጋል፣ ኔጌቲቩን ኋላ ይለጥፋል። 9 ከፈለግክ −3ን በቅንፍ ዝጋው። ኤረሩ ሌላ ጣጣ ነው። ሁለት የመቀነስ ቁልፍ አለ። በቀኝ በኩል ከመደመር በላይ ያለው ለመቀነስ ነው። ታች ከነጥቡ አጠገብ፣ በቅንፍ ውስጥ የተሣለው ለኔጌቲቭ ቁጥር ነው። 5 ሲባዛ −3ን በመቀነሻው ከጻፍክ ይጮኻል። ጎቱ የሚለውን ምረጥ፤ የተሳሳትክበት ቦታ ላይ ይወስድሃል። ማካፈልም እንዲሁ ነው፦ 12/4+2 ብትል 5 ነው የምታገኘው። 2 ከጠበቅክ 4+2ን ቅንፍ ውስጥ አስገባ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የተማሪዎቼን ውጤት ሊስት ውስጥ ካስገባሁ ወዲህ ምንም ግራፍ አይሥልልኝም። ዲም ሚስማች ይላል።

መልስ፦ ጋሼ፣ እንደ ድሬ ልጅ አንቱታውን ልዝለለው። ሁለቱ ሊስቶች እኩል አይደሉም፤ አንዱ ላይ ቁጥር ጎድሏል። ሊስቱን አሁን ካልፈለግከው ዋይ እኩል የሚለውን ግባና ወደ ላይ ውጣ። ፕሎት 1 ጠቁሮ ታገኘዋለህ። ኢንተር ስትል ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ሁለት መስመር የሚገናኝበትን ነጥብ?

መልስ፦ ሴኮንድ፣ ትሬስ፣ 5። ከዚያ ሦስት ጊዜ ኢንተር። መገናኛው ስክሪኑ ላይ መታየት አለበት፤ ካልታየ ዊንዶውን አስፊ።

ጥያቄ፦ የእኔ ካሲዮ ግራፍ ነው፤ ተረሳን?

መልስ፦ ኧረ አልተረሳችሁም! የኢንተር ቦታ በእናንተ ማሽን ኤክሴ (EXE) የሚለው ነው። ዲግሪና ራዲያን ያሉት ሺፍት እና ሜኑ ስትሉ ነው። መገናኛ ነጥቡን ለማግኘት ግራፉ ላይ ሆናችሁ ሺፍት፣ ኤፍ 5፤ ከሚመጣው ዝርዝር ደግሞ ኢንተርሴክትን ምረጡ።