ስምንት ገጣሚ ለአንድ ምሽት ይበዛል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ከተማ የግጥም ፌስቲቫል ናቸው። ከአዘጋጆች፣ ከገጣሚያንና ከተርጓሚ የመጡ ሲሆን አንዱ ከታዳሚ ነው።

ጥያቄ፦ የሦስት ቀን የግጥም ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ እያዘጋጀን ነው። ለመክፈቻው ምሽት ስምንት ገጣሚያን ጋብዘናል፤ ለእያንዳንዳቸው 15 ደቂቃ ሰጥተናል። ሁለት ሰዓት ይበቃናል ብለናል። ተሳስተናል? (ከአንድ የአዘጋጅ ኮሚቴ)

መልስ፦ አዎ። 8 ጊዜ 15 በወረቀት ላይ 120 ደቂቃ ነው፤ መድረክ ላይ ግን አይደለም። ለእያንዳንዱ ገጣሚ 2 ደቂቃ ማስተዋወቂያ፣ 1 ደቂቃ ጭብጨባና መውጫ መግቢያ፣ 3 ደቂቃ ደግሞ ከተሰጠው ጊዜ የሚያልፍበት ጨምሩ። 21 ደቂቃ ሆነ። በስምንት ሲባዛ 168 ደቂቃ፤ የ20 ደቂቃ ዕረፍትና የመክፈቻ ንግግር ሲታከልበት ከሦስት ሰዓት ያልፋል። መጨረሻ ላይ የሚያነበው ሰው ግማሽ ባዶ አዳራሽ ይጠብቀዋል።

ችግሩ ሰዓቱ ብቻ አይደለም። ዘፈን አዝማች አለው፤ ጆሮ እየተመለሰ ያርፍበታል። ግጥም ግን ያመለጠውን ስንኝ አይመልስም። ከአንድ ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት የሰማ ታዳሚ ድምፁን እንጂ ቃሉን አይሰማም።

የምንመክረው አራት ገጣሚያን በ12 ደቂቃ ነው። ከማስተዋወቂያውና ከጭብጨባው ጋር 60 ደቂቃ ይሆናል፤ 10 ደቂቃ መጠባበቂያ ያዙ። ስድስት ካላደረግን ካላችሁ ሦስት፣ የ20 ደቂቃ ዕረፍት፣ ሦስት። የቀሩትን ወደ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን አሻግሯቸው። በመክፈቻው ያላነበበ ተናቀ ማለት አይደለም፤ ይህን ግን መርሐ ግብሩ ከመታተሙ በፊት በስልክ ንገሯቸው እንጂ ከፖስተር ላይ አያንብቡት።

ጊዜ የሚበላው ብዙውን ጊዜ ግጥሙ ሳይሆን ከግጥሙ በፊት ያለው ወሬ ነው። «ይህን የጻፍኩት...» ተብሎ የተጀመረ ማብራሪያ በቀላሉ አራት ደቂቃ ይወስዳል። ስለዚህ በመጋበዣው ደብዳቤ ላይ «12 ደቂቃው በግጥሞቹ መካከል የሚናገሩትንም ይጨምራል» ብላችሁ ጻፉ። ፊት ለፊት ባለው ረድፍ ጥግ አንድ ሰው ይቀመጥ፤ በ10ኛው ደቂቃ አንድ ቀለም ወረቀት፣ በ12ኛው ሌላ ቀለም ያንሳ። ከመድረክ ጎን ሆኖ «ጊዜዎ አልቋል» ማለት ግን ገጣሚውንም ታዳሚውንም ያስደነግጣል።

ቅደም ተከተሉን በዝና ብቻ አትወስኑ። መጀመሪያ የሚያነበው ሰው እየተቀመጡ ባሉ ሰዎች ፊት ነው የሚቆመው፤ ድምፁ የረጋና ልምድ ያለው ይሁን። በቃሉ፣ በእጁና በእግሩ መድረኩን የሚያናውጥ ገጣሚ ካላችሁ ቀስ ብላ የምታነብ ገጣሚ ወዲያው ተከትላው አትቆም፤ ትዋጣለች። በመካከላቸው ዕረፍት ወይም የአንድ መሣሪያ ሙዚቃ ይግባ። በር ላይም ሰው አቁሙ፤ ዘግይቶ የመጣ ሰው በሁለት ገጣሚዎች መካከል ብቻ ይግባ።

ጥያቄ፦ በፌስቲቫል ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው። በቃሌ ልበለው ወይስ ከወረቀት ላነበው? ስልክስ? (ከአንዲት ገጣሚ)

መልስ፦ በቃልሽ ብትችዪም ወረቀቱ ፊትሽ ይኑር። ቃል የሚጠፋው ስድስተኛው ስንኝ ላይ እንጂ የመጀመሪያው ላይ አይደለምና። በ16 ወይም በ18 የፊደል መጠን አሳትሚ፤ እያንዳንዱ ግጥም በአዲስ ገጽ ይጀምር፤ ገጽ የምትገለብጪበት ቦታ አንጓው ያለቀበት ይሁን፤ ገጾቹን ቁጥር ስጪያቸው፤ ግን በስቴፕል አትስፊያቸው፤ ማይክ የወረቀት ኮሽታ በጣም ይወዳል። ስልክ ይደበዝዛል፣ ይቆለፋል፣ መልእክት ይገባበታል፤ ደግሞ ፊትሽን ከታች ያበራዋል።

ለ12 ደቂቃ ስድስት ግጥም ምረጪ፤ ከዚያ አንዱን አውጪ። ቤትሽ ቆመሽ፣ ጮክ ብለሽ፣ ሰዓት ይዘሽ ሁለት ጊዜ አንብቢ። ከ10 ደቂቃ ተኩል ካለፈ አሁንም በዝቷል፤ መድረክ ላይ ዝምታው ይረዝማል። በአጭር ግጥም ጀምሪ። ታዳሚው ድምፅሽን እስኪለምድ የመጀመሪያው ግጥም ግማሹ ይባክናልና የምትሳሺለትን እዚያ አታስቀምጪ።

ጥያቄ፦ ማይኩ ያፏጫል፣ ኋላ የተቀመጡት ደግሞ «አይሰማም» ይላሉ። ድምፁን ስንጨምር ፉጨቱ ይብሳል። ምን እናድርግ? (ከአዳራሽ ኃላፊ)

መልስ፦ ፉጨቱ የሚመጣው ማይኩ ከስፒከር የወጣውን ድምፅ መልሶ ሲሰማ፣ ያም እንደገና በስፒከር ሲወጣና ሲዞር ነው። ድምፅ መጨመር ዙሩን ያፋጥነዋል። መፍትሔው ከማሽኑ ሳይሆን ከአፍ ይጀምራል። በአፍና በማይክ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ማይኩ የሚቀበለው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፤ ያኔ ከማሽኑ መቀነስ ይቻላል። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ከአራት ጣት በላይ፣ አንድ ስንዝር ያልሞላ፣ ጥሩ ርቀት ነው።

ቀጥሎ አቀማመጡን ተመልከቱ። ዋናዎቹ ስፒከሮች ከማይኩ ፊት፣ ወደ ታዳሚው ዞረው ይቁሙ። የገጣሚውን ድምፅ ወደ ራሱ የሚመልስ ስፒከር (ሞኒተር) ካለ በተለመደው ካርዲዮይድ (በዋናነት ከፊቱ በሚሰማ) ማይክ ትክክለኛ ቦታው ከማይኩ ጭራ አቅጣጫ ነው፤ ማይኩ በዚያ በኩል ደንቆሮ ነው። ገጣሚው የማይኩን ጭንቅላት በመዳፉ ከጨበጠው ግን ይህ ደንቆሮነቱ ይጠፋል፤ ብዙ ወጣት ገጣሚያን የሚያፏጩት በዚህ ነው። የማይነበብበት ማይክ ሁሉ ይዘጋ። ማይክ ለመግዛት ካሰባችሁ ለንባብ እንደ ሹር ኤስኤም 58 ያለ ዳይናሚክ ማይክ ይበቃል፤ ኮንደንሰር ማይክ የአዳራሹን ሳል ሁሉ ይለቅማል።

«ፐ» ሲባል ስፒከሩ ቡም የሚለው ትንፋሹ ማይኩን በቀጥታ ስለሚመታው ነው። ማይኩ ፊት ለፊት ሳይሆን በትንሹ ወደ ጎን ሆኖ ወደ ከንፈር ጠርዝ ይመልከት። በሚክሰሩ (በድምፅ መቆጣጠሪያው) ላይ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ የሚቆርጥ ቁልፍ ካለም ይጫን፤ ከሰው ንግግር የሚጎድል ነገር እምብዛም የለም።

አሁን ወደ ኋላ ወንበሮች። አዳራሹ ረጅም ከሆነ የፊቱን ከማስጮህ ይልቅ መካከል ላይ ሁለት ትናንሽ ስፒከሮች ጨምሩ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ 15 ሜትር ለማለፍ 44 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ የመካከሎቹ ስፒከሮች በዚያው መጠን ካልዘገዩ ኋላ ያለው ሰው ቃሉን ሁለት ጊዜ ይሰማል። የድምፅ ባለሙያው ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሰከንድ ሲጨምርበት ድምፁ ከገጣሚው አፍ የሚመጣ ይመስላል። አዳራሹ ድንጋይና መስታወት ከሆነና ቃል ቃልን እየረገጠ የሚያስተጋባ ከሆነ ወፍራሙን ድምፅ ቀንሱ፣ መጋረጃ ስቀሉ፣ ገጣሚያኑም ቀስ ብለው እንዲያነቡ ንገሯቸው።

ለሙከራ ለእያንዳንዱ ገጣሚ አምስት ደቂቃ ስጡ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አይባል፤ የግጥሙን በጣም ዝግ ያለ ስንኝና በጣም የሚጮኽበትን ስንኝ ያንብብ። በባዶ አዳራሽ የተለካው ድምፅ ሰው ሲሞላ ይደክማል፤ ልብስና ሰውነት ድምፅ ይመጥጣሉና ትንሽ መጨመሪያ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ከሦስት ቋንቋ የተጋበዙ ገጣሚያን አሉን። ትርጉሙ ተከትሎ ይነበብ ወይስ ስክሪን ላይ ይውጣ? (ከተርጓሚ)

መልስ፦ ሁለቱም ይሠራበታል። ከ1970 ጀምሮ በሚካሄደው በሮተርዳሙ ፖየትሪ ኢንተርናሽናል ገጣሚው በራሱ ቋንቋ ሲያነብ ትርጉሙ በስክሪን ይታያል። በ1991 በተጀመረው በኮሎምቢያው የሜደሊን ፌስቲቫል ደግሞ ትርጉሙን ሌላ አንባቢ ጮክ ብሎ ያነበዋል (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ደጅ ላይ፣ በብዙ ሕዝብ ፊት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሆነ ስክሪን አይታይም፤ ይነበብ። ዋጋው ጊዜ ነው፤ 12 ደቂቃው 24 ይሆናል። በአዳራሽ ውስጥ ስክሪን ይሻላል፤ ዋጋው ደግሞ ዓይን ነው፤ ታዳሚው ገጣሚውን ትቶ ግድግዳ ያያል። ስክሪኑ ከገጣሚው ራስ በላይ ወይም ልክ ከጎኑ ከሆነ ጉዳቱ ይቀንሳል።

የሥራው ሂደት እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ ፌስቲቫሉ ሊጀመር ስምንት ሳምንት ሲቀረው ግጥሞቹ ተመርጠው ይድረሱ። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ቃል በቃል ይመልሰው፤ ከዚያ በሚተረጎምበት ቋንቋ የሚገጥም ሰው ግጥም ያድርገው፤ ጥያቄዎቹ ለገጣሚው ይላኩ። ሦስት ሳምንት ሲቀረው ስላይዱ ይሠራ፤ በመጨረሻው ሳምንት ማንም አይንካው። በአንድ ስላይድ አንድ አንጓ፣ ከስምንት መስመር ሳይበልጥ፣ ነጭ ፊደል በጥቁር ላይ። በግጥምና በግጥም መካከል ባዶ ጥቁር ስላይድ ይግባ፤ አለበለዚያ ጭብጨባው ላይ የሚቀጥለው ግጥም ይገለጣል። የኛ ፊደል በእግርና በእጅ ቅጥያ ስለሚለይ ከላቲን ፊደል ተለቅ ማለት አለበት፤ «ቡ»ና «ቢ»ን ከመጨረሻው ወንበር ሆናችሁ መለየታችሁን አረጋግጡ። ፋይሉ ፊደሉን በውስጡ ይዞ በፒዲኤፍም ይቀመጥ፤ የአዳራሹ ኮምፒውተር የግዕዝ ፊደል ከሌለው የሚወጣው ረድፍ ረድፍ ሳጥን ነው።

ስላይዱን የሚቀይረው ሰው ገጣሚው የሚያነብበትን ቋንቋ ይወቅ። ይህን «ማንም ይጫነዋል» ያለ አዘጋጅ ብዙ ነው፤ ገጣሚው አንድ አንጓ ሲዘል ወይም እዚያው ሐሳቡን ለውጦ ሌላ ግጥም ሲያነብ ግን ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እስከ መጨረሻው የተሳሳተ ትርጉም ያሳያል። የጠፋበት ሰው ስክሪኑን ያጥቁር፤ በፓወርፖይንት በማሳያ ላይ «ቢ» የምትለዋን የላቲን ፊደል መጫን በቂ ነው። ባዶ ስክሪን ከውሸት ይሻላል።

ከአማርኛ ወደ ሌላ የሚተረጎም ከሆነ ደግሞ የሚጠብቀውን ፊደል ከላዩ ነጥብ አድርጋችሁ ላኩ። «ገና» ሲላላ «ገና ነው»፣ ሲጠብቅ በዓል ነው፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል፤ ጽሑፉ ግን አንድ ነው። ኅብረ ቃሉ በዚህ ላይ ከተሠራ ከወረቀት ብቻ የሚተረጉም ሰው ሰሙን ይዞ ወርቁን ይጥላል። ሁለቱንም በአንድ ቃል መያዝ ካልተቻለ ወርቁ በግጥሙ ውስጥ ይግባ፤ ሰሙ በመርሐ ግብሩ መጽሔት ላይ በአንድ መስመር ይገለጽ። መድረክ ላይ አስቀድሞ መፍታት ግን እንቆቅልሽን ከነመልሱ መጠየቅ ነው።

ጥያቄ፦ በስላም ውድድር ከአንድ ዳኛ 9.7 አግኝቼ ተሸነፍኩ። ነጥቡ እንዴት ነው የሚደመረው? (ከወጣት ገጣሚ)

መልስ፦ ስላም፣ ገጣሚያን መድረክ ላይ በነጥብ የሚፎካከሩበት ውድድር፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በቺካጎ፣ በማርክ ስሚዝ የተጀመረ ነው። በተለመደው ደንብ ከታዳሚው መካከል የተመረጡ አምስት ዳኞች ከ0 እስከ 10 በአንድ ነጥብ ቤት ይሰጣሉ፤ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ይወድቃሉ፤ የቀሩት ሦስቱ ይደመራሉ። 8.1፣ 8.4፣ 8.6፣ 9.0 እና 9.7 ካገኘህ 8.1 እና 9.7 ወድቀው 26.0 ይሆናል። 9.7ህ የወደቀው ለዚህ ነው፤ የወዳጅም የጠላትም ነጥብ እንዳያዳላ። ጊዜው 3 ደቂቃ ሲሆን 10 ሰከንድ ይታለፍልሃል፤ ከዚያ በኋላ ለጀመርከው ለእያንዳንዱ 10 ሰከንድ ግማሽ ነጥብ ይቀነሳል። በ3 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ከጨረስህ 26.0ው 25.0 ይሆናል።

ምሽቱ እየገፋ ሲሄድ ዳኞች ለጋስ ስለሚሆኑ መጀመሪያ የወጣ ይጎዳል። ከውድድሩ በፊት የማይወዳደር አንድ ገጣሚ አንብቦ ዳኞች እንዲለማመዱበት የሚደረገው ለዚህ ነው፤ በሁለተኛው ዙርም ተራው ይገለበጣል። አዘጋጆቹ ይህን አድርገው ከሆነ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ያነበብኩትን ግጥም አዘጋጆቹ ሳይጠይቁኝ በቪዲዮ ለቀውታል። መብታቸው ነው? (ከገጣሚ)

መልስ፦ ለማንበብ መስማማት ለመቀዳትና ለመሰራጨት መስማማት አይደለም። በበርን ስምምነት (በዓለም አቀፉ የቅጂ መብት ውል) መሠረት ትርጉምም ራሱን የቻለ ጥበቃ ስላለው፣ ግጥሙ በትርጉምም ቀርቦ ከሆነ ተርጓሚውም ሊጠየቅ ይገባ ነበር። መጀመሪያ እንዲያወርዱት በጽሑፍ ይጠይቋቸው። ለሚቀጥለው ደግሞ ሳይፈርሙ በፊት ወረቀቱ ላይ አራት ነገር ይፈልጉ፦ የት ይለቀቃል፣ ለስንት ጊዜ፣ ማን ይቆርጠዋል፣ ክፍያ አለው ወይ። አንዱ ከጎደለ ይጻፍ ይበሉ።

ጥያቄ፦ ፌስቲቫል ስሄድ ሁለተኛው ቀን ላይ ሁሉም ግጥም አንድ ይሆንብኛል። (ከታዳሚ)

መልስ፦ በቀን ከሁለት ዝግጅት በላይ አይግቡ፤ አንዱ የሚያውቁት ገጣሚ፣ ሌላው ስሙን ሰምተው የማያውቁት ይሁን። በትርጉም የሚነበብ ከሆነ መርሐ ግብሩ ላይ ያለውን ግጥም ቀድመው ያንብቡና ሲነበብ ስክሪኑን ይተዉት። መጽሐፍ መግዛት ካሰቡ እንደ ወጡ ወዲያው ይግዙ፤ የሰሙት ስንኝ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ገጣሚውን መጠየቅ የሚቻለው ያኔ ነው።