ጥያቄና መልስ፦ ዘረመሉ የተለወጠ ሩዝ መብላት ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎ ከዱባይ ነው፤ ሰው ቤት ነው የምሠራው። አብራኝ የምትሠራው ፊሊፒናዊት አገሯ ላይ ሳይንቲስቶች የሠሩት ቢጫ ሩዝ እንዳለ ነገረችኝ። የባክቴሪያ ዘር ገብቶበታል አለችኝ። ፍርድ ቤትም አግዶታል። ከዚያ ወዲህ ሩዝ ስበላ ይቀፈኛል። እግዚአብሔር የፈጠረውን እህል መለወጥ ፈጣሪን ማረም አይሆንም? ዘሌዋውያን 19፥19 ላይም ሁለት ዓይነት ዘር አትዝራ ይላል። በጾምስ ይበላል? ሳላውቅ በልቼው ከሆነ ንስሐ ልግባ?

መልስ፦ እኅቴ፣ በመጀመሪያ ሩዝሽን ብዪ። ዱባይ ላይ የምታዪው ቢጫ ሩዝ እርድ ወይም ሳፍሮን ያለበት ነው። ጓደኛሽ ያለችሽ ሌላ ነው፤ «ወርቃማው ሩዝ» ይሉታል። ገበሬ እንዲዘራው የፈቀደችው አገር ፊሊፒንስ ናት። እሷም እ.ኤ.አ. በ2021 ፈቅዳ፣ በ2024 የይግባኝ ፍርድ ቤቷ ፈቃዱን ሻረው። ስለዚህ አንቺ ሳህን ላይ ይደርሳል ብለሽ አትጨነቂ።

ግን ጥያቄሽ ከሩዙ ያልፋል። «ፈጣሪን ማረም» የሚለውን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! የስኳር በሽታ መድኃኒቱን የጣለ ሰው ይህንኑ ይለኛል። ዓይኑን ሞራ የጋረደው ሽማግሌ «እግዚአብሔር የሰጠኝን ዓይን ቢላ አላስነካም» ብሎ በልጅ ልጁ እየተመራ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የጸበሉ ጉዳይ ነበር። ጸበል እየተጠመቅሁ መድኃኒት ከዋጥሁ እምነቴ ጎደለ ብለው የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን አቋርጠው የሞቱብን አሉ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጸበሉንም ተጠመቁ፣ መድኃኒቱንም ውሰዱ ብለው በግልጽ እስኪናገሩ ድረስ ያ አስተሳሰብ ስንቱን በላ። ከዚያም በኋላ ቢሆን አልጠፋም።

የዚህ ሁሉ ሥሩ አንድ ነው። እግዚአብሔርና ሰው የሚሻሙ ይመስለናል። ሰው አንድ ነገር ከሠራ ከእግዚአብሔር ድርሻ የቀነሰ፣ እጁን ካጣጠፈ ደግሞ ያከበረው ይመስለናል። መጽሐፍ ግን እንዲህ አይልም። አዳም ገና ሳይበድል፣ ምድርም ገና ሳትረገም፣ በገነት የተቀመጠው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» ነው (ዘፍ 2፥15)። ገነት እኮ ጎደሎ አልነበረችም። ቢሆንም ሥራ ሰጠው። ሲራክም «እግዚአብሔር ከምድር መድኃኒትን ፈጠረ፣ አስተዋይም አይንቀውም» የሚል ቃል አለው፤ ምዕራፍ 38ን ሙሉውን አንብቢው፣ ለአንቺ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ቅዱስ ጳውሎስም እኔ ተከልሁ፣ አጵሎስም አጠጣ፣ ያሳደገ ግን እግዚአብሔር ነው አለ። ተካዩ አርፎ ይቀመጥ አላለም።

ደግሞም «እግዚአብሔር እንደፈጠረው» የምንለውን እህል እስቲ እንየው። በቆሎ ሜክሲኮ ውስጥ ከሣር ብዙም የማይለይ ተክል ነበር። ጥቂት ደረቅ ፍሬ ብቻ ነበረው። ለሺህ ዓመታት ገበሬው የተሻለውን እየመረጠ እየዘራ ነው ዛሬ መንገድ ዳር ተጠብሶ የምንበላው የሆነው። ጤፋችንንም እንዲሁ አያቶቻችን ከዱር መርጠው ነው ያመጡልን። እነሱን ፈጣሪን አረሙ ያላቸው የለም። ስኳር ድንችማ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች 291 የሚታረሱ የስኳር ድንች ዝርያዎችን ሲፈትሹ ሁሉም ውስጥ የባክቴሪያ ዘረመል፣ ማለትም ጠባይን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያስተላልፈውን ነገር፣ አገኙ። ማንም ሳይንቲስት አላስገባውም፤ ባክቴሪያው ራሱ ድሮ ገብቶ ቀርቷል። ሐዋሳ ላይ ስኳር ድንች በልተሽ ካደግሽ «የባክቴሪያ ዘር» ያለበትን ምግብ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ በልተሻል ማለት ነው፤ ምንም አልሆንሽም።

ወደ ዘሌዋውያን 19፥19 እንምጣ። ጥቅሱን የምታመጡ ሰዎች አንድ ሦስተኛውን ብቻ ነው የምታመጡት፣ ይሄ ትንሽ ያናድደኛል። ቁጥሩ ሦስት ነገር ነው የሚለው። ዘር አትደባልቅ፣ እንስሳ ከሌላ ዓይነት እንስሳ አታዳቅል፣ ከሁለት ዓይነት ነገር የተሠራ ልብስ አትልበስ። እንግዲህ በቅሎስ? አባቷን ሲጠይቋት እናቴ ፈረስ ናት የምትለዋ በቅሎ የአህያና የፈረስ ልጅ ናት። ሰሎሞን ሊነግሥ ሲሄድ የተቀመጠው በዳዊት በቅሎ ላይ ነው (1ኛ ነገ 1፥33)፣ ጳጳሶቻችንም ዘመናቸውን ሁሉ በበቅሎ ነው የተጓዙት። በትግራይ ገበሬው ስንዴና ገብስ ደባልቆ ሐንፈጽ ብሎ ይዘራል። አንቺም ቅዳሴ ስትሄጂ የምትለብሺው ነጠላ ጥጥና ፖሊስተር ሳይሆን አይቀርም። ያ ሕግ እስራኤል ከአሕዛብ አምልኮ እንዳይደባለቅ በእርሻውም በልብሱም ምልክት እንዲሆነው የተሰጠ ነው። ትርጉሙ ለእኛም ይሠራል፤ ከጣዖት ጋር አትደባለቁ ማለት ነው። ስለ ሩዝ ዘረመል ግን አይናገርም።

አሁን ይህ ሩዝ ምንድን ነው? ሁለት ሰዎች፣ ፖትሪከስ የሚባል በዙሪክ፣ በየር የሚባል በፍራይቡርግ ሆነው እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ ያደረጉት ነው። የሩዝ ተክል ካሮትን ብርቱካንማ የሚያደርገውን ነገር በቅጠሉ ይሠራል፤ በፍሬው ግን አይሠራም። እነሱ ከአንድ አበባ፣ እንዲሁም ዕፅዋት ላይ ከሚገኝ ባክቴሪያ ዘረመል ወስደው ፍሬውም እንዲሠራው አደረጉ። በኋላ በ2005 አበባው ቀርቶ የበቆሎ ዘረመል ተተካ፣ መጠኑም በብዙ እጥፍ ጨመረ። ሰውነታችን ያንን ወደ ቫይታሚን ኤ ይቀይረዋል። ለምን ደከሙ ብትዪ፣ ቫይታሚን ኤ ያጣ ሕፃን መጀመሪያ ዳፍንት ይይዘዋል፣ ቀጥሎ ዓይኑ ይጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ሲገምት የኖረው በየዓመቱ ከ250,000 እስከ 500,000 ሕፃናት እንደሚታወሩ፣ ግማሾቹም በአንድ ዓመት ውስጥ እንደሚሞቱ ነው። ሩዝ ብቻ ለሚበላ ድሃ ቤት የታሰበ ነገር ነው። ይህን ሐሳብ ትዕቢት ነው ብዬ ልኮንነው አልችልም።

በጾም ይበላል ወይ ላልሽው፣ እህል እህል ነው። የገባበት የእንስሳ ነገር የለም። ቢሆንም ጥያቄሽ ከንቱ አይደለም፤ ብቻ ቦታውን ስቷል። አሠሪዎችሽ ቤት ሩዙ የሚቀቀለው በዶሮ መረቅ ነው አይደል? ስለ ባክቴሪያው ከመጨነቅሽ በፊት እሱን አስቢ። የራስሽን ለብቻ መቀቀል ከቻልሽ ቀቅዪ። ካልቻልሽ፣ ሌላ የሚበላም ካልሰጡሽ፣ ለንስሐ አባትሽ ደውለሽ ያለሽበትን ንገሪያቸው። በሰው ቤት፣ በሰው አገር ያለ ሰው እንዴት እንደሚጾም እሳቸው ይመሩሻል።

አሁን አንዳንዱ ይህን አንብቦ «መምህሩ ጂኤምኦ (ዘረመሉ የተለወጠ ነገር) ባረኩ» ማለቱ አይቀርም። አልባረክሁም። ይህ ሩዝ በሰው ጤናና በአካባቢ ላይ የሚያመጣውን የሚጠይቁ ሰዎች አሉ፣ መጠየቅ መብታቸው ነው። የአሜሪካ፣ የካናዳና የአውስትራሊያ የምግብ ተቆጣጣሪዎች ለመብል ችግር የለውም ብለዋል፤ የፊሊፒንስ ፍርድ ቤት ደግሞ ደኅንነቱ ላይ ሊቃውንቱ አልተስማሙም ብሎ አቁሞታል። ያንን የሚያውቁት ይከራከሩበት፤ እኔ ከመቅደስ ሆኜ የምፈርደው አይደለም። እንዲህ ያሉ ዘረመላቸው የተለወጠ ነገሮችን የሚቆጣጠረው የእኛም አገር የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቶ በ2015 ተሻሽሏል፣ በ2018ም ዘረመሉ የተለወጠ ጥጥ ተፈቅዷል፤ ስለዚህ ክርክሩ ወደ እኛም ይመጣል።

ቤተ ክርስቲያን የምትጠይቀው ሌላ ጥያቄ አላት፤ ዘሩ የማን ነው? ገበሬው ካጨደው ላይ ለከርሞ ማስቀረት ይችላል? ወይስ በየዓመቱ ከኩባንያ መግዛት ግዴታው ነው? ያዕቆብ 5፥4 ላይ ስለ አጫጆች ደመወዝ የተጻፈውን ታውቂዋለሽ፣ የተቀማው ይጮኻል። በወርቃማው ሩዝ ላይ እንኳ የዘሩ አጠቃቀም ስምምነት በዓመት ከ10,000 ዶላር በታች የሚያገኝ ገበሬ ዘሩን በነፃ ይዞ መልሶ እንዲዘራ ይፈቅዳል፤ ጥሩ ነው። ሁሉም ዘር ግን እንዲህ ያለ ስምምነት የለውም። ኃጢአት የምትፈልጊ ከሆነ እዚህ ጋ ፈልጊው፣ በዘረመሉ ውስጥ አታገኚውም። ኢሳይያስም ጾም ምን እንደሆነ ሲናገር «እንጀራህን ለተራበ ትቆርስ ዘንድ» ነው ያለው (58፥7)፤ እንጀራው ከምን ተጋገረ ብሎ አልመረመረም።

ሌላም መንገድ እንዳለ እወቂ። ዘረመሉ ሳይነካ፣ በተለመደው ማዳቀል የተገኘ ብርቱካንማ ስኳር ድንች አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙት በዚሁ የደከሙ ሰዎች ናቸው። አገር ቤት ልጆች ካሉሽ ለሚያሳድጉልሽ ሰዎች ይህንን ንገሪያቸው፤ ጎመኑንም፣ ካሮቱንም፣ ዱባውንም በትንሽ ዘይት ያብስሉት፣ ያለ ቅባት ሰውነት በደንብ አይወስደውም። ቫይታሚን ኤ በጤና ጣቢያ በየስድስት ወሩ ሲሰጥም ልጆቹን ይውሰዷቸው፤ «የፈረንጅ መድኃኒት ነው» የሚላቸውን ሰው አይስሙት።

ንስሐውን በተመለከተ፣ ሳታውቂ ለበላሽው ሩዝ፣ ያውም ላልበላሽው ሩዝ፣ የምትናዘዢው የለሽም። ንስሐ አባትሽ ጋ ስትደውዪ ይህን አታንሺባቸው፤ የምትናዘዢው ሌላ ነገር ካለ እሱን ንገሪያቸው።