ባዝራዋን ከማስጠቃትዎ በፊት፦ ስለ ፈረስ ዋጋ መርከስ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከባሕር ዳርና ከጣና ዳር ወረዳዎች ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ፈረስ ዋጋ መውረድ ናቸው። የጠያቂዎቹን ስም ትተን መልሶቹን እነሆ ብለናል።

ጥያቄ፦ ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው ወንድ ውርንጭላ አለኝ። ሁለት ገበያ አውጥቼ መልሼዋለሁ። የሚሰጡኝ ዋጋ የደለበ በግ እንኳን አይገዛም። በሬው በየዓመቱ ሲወደድ ፈረስ ለምን ይወርዳል? ደላሎች ተመካክረውብን ነው? (ከሐሙሲት አካባቢ)

መልስ፦ ደላላ ከዋጋው ላይ ሊቀንስብዎ ይችላል፤ እዚህ ድረስ ያወረደው ግን እሱ አይደለም። በሬ ማረስ ቢያቅተው ሥጋና ቆዳ አለው፤ ደልቦ ለበዓል ይሸጣል። ስለዚህ ዋጋው ከዚያ በታች አይወርድም። የፈረስ ሥጋ በአገራችን አይበላም። የፈረስ ዋጋው እግሩ፣ ጀርባውና ጠባዩ ብቻ ነው። እነዚህ ሦስቱ ገና ካልታዩ ገዢው የሚከፍለው ለተስፋ ነው፤ ለተስፋ ደግሞ ብዙ የሚከፍል የለም።

የእርስዎ ውርንጭላ ገና ሁለቱን የመሃል የፊት ጥርሶች የለወጠ ነው። 4 ዓመት ሳይሞላው ጋሪ ቢጎትት መገጣጠሚያውና ጀርባው ይበላሻል፤ አዋቂ ገዢ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ከመግዛቱ በፊት የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ቀለብ በልቡ ያሰላል። በማደግ ላይ ያለ የአገራችን ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። በ540 ቀን 27 ኩንታል ይሆናል ማለት ነው። ግማሹን ከወል ግጦሽ ቢያገኝ እንኳን ቀሪው 13 ኩንታል ከፍ ይላል። ይህን በአካባቢዎ የድርቆሽ ወይም የጭድ ዋጋ ያባዙትና ገዢው ከሰጠዎት ዋጋ ላይ ይደምሩት፤ ያን ጊዜ ዋጋው ለምን እንደዚያ እንደሆነ ይገባዎታል።

በሌላ በኩል ፈላጊው ቀንሷል። በባሕር ዳር የባጃጅ መብዛት የሰው ጋሪን ከዋናው መንገድ ገፍቶታል። የቀረው ጋሪ በአብዛኛው ዕቃ ጫኝ ነው፤ ባለጋሪውም የሚፈልገው የሠለጠነ፣ ከመኪና የማይደነብር፣ ከ4 እስከ 8 ዓመት የሆነ ወንድ ፈረስ ነው። ሴቷን ለጋሪ የሚገዛ እምብዛም ስለሌለ የሴት ውርንጭላ ዋጋ ከወንዱም ያንሳል። ፈላጊው እንዲህ ሲያንስ በወል ግጦሹ ላይ ያሉ ባዝራዎች (ሴት ፈረሶች) ግን ባለቤታቸው ሳያስብበት በየዓመቱ ይከብዳሉ። ገበያውን ያጥለቀለቀው ማንም አቅዶ ያላስወለደው ውርንጭላ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ገበያ ከመውጣትዎ ከሦስትና አራት ዓመት በፊት ነው።

አሁን ላለው ውርንጭላ ሁለት መንገድ አለ። መኖ ካለዎት ያኮላሹት፣ በገመድ መመራት፣ እግሩን ለሰው መስጠትና ቆሞ መታሰር ያስለምዱት፤ 4 ዓመት ሲሞላው ቀስ በቀስ ባዶ ጋሪ ያስለምዱት። ከዚያ ለጥምቀት ወይም ጥር 23 በእንጅባራ ለሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ሰው ፈረስ ሲያይና ሲያማርጥ፣ ታኅሣሥ ላይ ያውጡት። ሰኔና ሐምሌ አያውጡት፤ የገበሬው እጅ ባዶ የሚሆንበት ወቅት ነው። መኖ ከሌለዎት ግን በተሰጠው ዋጋ ዛሬውኑ ይሽጡት። ከስቶ የሚከርም ፈረስ በየወሩ ዋጋው እየወረደ ይሄዳል፤ እንስሳውም ይሠቃያል።

ጥያቄ፦ ወንዱን ለማኮላሸት የትኛው ወር ይሻላል? በአካባቢያችን በእንጨት ቀጥቅጠው የሚያኮላሹ አሉ። (ከመሸንቲ)

መልስ፦ ቅጥቀጣውን አጥብቀን እንቃወማለን። ሥቃዩ ከባድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ፍሬው ሙሉ በሙሉ ስለማይሞት የተኮላሸ የመሰለው ፈረስ ባዝራ ያስረግዛል። ለበሬ የሚሠራበት ቡርዲዞ የሚባለው መቆንጠጫም ለፈረስ አይሆንም። ፈረስ በእንስሳት ሐኪም እጅ፣ በማደንዘዣ፣ በቀዶ ጥገና ነው የሚኮላሸው።

ጊዜው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፦ መሬቱ ደረቅ፣ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ዝንቡም ጥቂት ነው። ዕድሜው ከ12 እስከ 24 ወር ቢሆን ይመረጣል። ወንድ ውርንጭላ ዓመት ከሞላው ጀምሮ ማስረገዝ ሊችል ስለሚችል ከዚያ በላይ ከባዝራ ጋር አይዋል። ከቀዶ ጥገናው በፊት ሁለቱም ፍሬዎች መውረዳቸው በእጅ ይረጋገጥ። አንዱ ሆድ ውስጥ ከቀረ የወረደውን ብቻ አውጥቶ "ተኮላሽቷል" ማለት ለገዢው ማታለል ነው፤ ፈረሱም እንደ ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ) ማስቸገሩን ይቀጥላል።

ፈረስ ለመንጋጋ ቆልፍ እጅግ የተጋለጠ ስለሆነ የመከላከያውን መርፌ ሳያስወጉ እንዳይጀመር። ቁስሉ ፈሳሹ እንዲወጣ ክፍት ይተዋል፤ በክር አልተሰፋም ብለው አይጨነቁ። በመጀመሪያው ቀን ጸጥ ብሎ በንጹሕ ቦታ ይደር። ከማግስቱ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያራምዱት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አዝኖለት አስሮ ያስቀምጠዋል፣ ፈሳሹ ይጠራቀማል፣ እብጠቱ እስከ ሆዱ ይወጣል። ከ3ኛው እስከ 6ኛው ቀን መጠነኛ እብጠት የተለመደ ነው። ደሙ ጠብ ጠብ እያለ ሊቆጠር ከቻለ አያስፈራም፤ ከሩብ ሰዓት በላይ ሳያቋርጥ ከፈሰሰ ግን ሐኪሙን ይጥሩ። ከቁስሉ አንጀት የመሰለ ነገር ከወጣ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ደግፈው በዚያው ደቂቃ ይጥሩት። ከተኮላሸ በኋላም ለ2 ወር ከባዝራ ያርቁት፤ የቀረ ዘር ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ ባዝራዬ ትንሽ ናት። ጎረቤታችን ትልቅ ድንጉላ ስላላቸው ከእሱ ባስጠቃት ውርንጭላው ትልቅና ውድ ይሆናል ይሉኛል። ነው? ወይስ ለአህያ ሰጥቼ በቅሎ ላስወልድ? (አንዲት እናት፣ ከዘጌ)

መልስ፦ እናታችን፣ ድንጉላው ብቻውን አያሳድገውም። በፈረንጆች 1938 ዋልተንና ሃሞንድ የተባሉ ተመራማሪዎች እንግሊዝ ውስጥ እጅግ ግዙፉን የሻየር ፈረስና እጅግ ትንሹን የሼትላንድ ፈረስ በሁለቱም አቅጣጫ አዳቅለው ነበር። ከትልቋ ባዝራ የተወለደው ውርንጭላ ከትንሿ ከተወለደው ሦስት እጥፍ ያህል ይመዝን ነበር፤ ልዩነቱም ካደጉ በኋላ አልጠፋም። የውርንጭላውን መጠን በብዛት የሚወስነው የእናቱ ማኅፀን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ባዝራዋን ይመልከቱ። ዕድሜዋ ከ4 በታች ከሆነ ይቆዩ። የላይና የታች ጥርሷ ካልገጠመ፣ የኋላ ጉልበቶቿ ወደ ውስጥ ከተጠጋጉ፣ ሰኮናዋ ቶሎ ቶሎ ከተሰነጠቀ ወይም ተናካሽና ተራጋጭ ከሆነች አያስወልዷት። እነዚህ ነገሮች ወደ ልጅ ይተላለፋሉ። ድንጉላው አባቷ ወይም ወንድሟ አለመሆኑንም ይጠይቁ፤ በአንድ መንደር አንድ ድንጉላ ለዓመታት ሲቆይ አባት የራሱን ልጅ ማጥቃቱ የተለመደ ነው።

ባዝራዋ እነዚህን ሁሉ ካለፈች በቅሎ ማስወለድ የተሻለ ሐሳብ ነው ብለን እናምናለን። በደጋው መንገድ በቅሎን የሚተካ የለም፤ ዋጋዋም ከፈረስ ይበልጣል። በቅሎ ስለማትወልድ ደግሞ ገበያውን በራሷ አታጥለቀልቅም። ነገር ግን ትንሽ ባዝራ ትንሽ በቅሎ ነው የምትወልደው፤ እስከ ትከሻዋ 130 ሴንቲ ሜትር የማትደርስ ከሆነች ባታስቡት እንመርጣለን። አህያውም ከፈረሶች ጋር ያደገ ካልሆነ ባዝራ ላይ አይወጣም።

በበቅሎ ላይ ይበልጥ የሚበዛ አንድ አደጋ አለ። አንዳንድ ባዝራ በእንገሯ ውስጥ የግልገሉን ደም የሚያፈርስ ነገር ታወጣለች። ግልገሏ ጤነኛ ሆና ተወልዳ፣ ጠብታ፣ በ1ኛው እስከ 3ኛው ቀን ትደክማለች፤ ዓይኗና ድዷ ቢጫ ይሆናል። አንድ ጊዜ እንዲህ የሆነባት ባዝራ ለሁለተኛው ወሊድ ሐኪም ይዘጋጅላት፦ ግልገሏ ለ2 ቀን ያህል የእናቷን እንዳትጠባ ተደርጋ ከሌላ ባዝራ እንገር ይሰጣታል፤ የእናቷ ጡት ግን እየታለበ ይደፋል።

የማስጠቂያ ወሩን በተመለከተ ጥቅምትን ይምረጡ። ፈረስ በአማካይ 340 ቀን ትሸከማለች፤ ጥቅምት 15 የተጠቃች መስከረም 20 ገደማ ትወልዳለች። ዝናቡ እየወጣ፣ ሣሩ ሳይደርቅ ማለት ነው። ውርንጭላው በ1 ሰዓት ውስጥ ቆሞ፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ጠብቶ፣ የእንግዴ ልጁ ደግሞ በ3 ሰዓት ውስጥ መውጣት አለበት። ከ3 ሰዓት ካለፈ እንደ ላም "ነገ ይወጣል" ብለው አይጠብቁ፤ የፈረስ ማኅፀን ቶሎ ይመረዛል፣ መርዙም ወደ ሰኮናዋ ወርዶ ለዕድሜ ልክ ሊያሽመደምዳት ይችላል።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ፈረስ በጨረታ ከኮርቻ ባነሰ ዋጋ ሲሸጥ አየሁ። ሀብታም አገር ውስጥ እንዴት እንዲህ ይሆናል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የኢኮኖሚ ቀውስ አለበት፤ በአሜሪካ በፈረንጆች 2007 የመጨረሻዎቹ የፈረስ ቄራዎች ተዘጉ፣ በቀጣዩ ዓመት ቀውሱ መጣ፣ የፈረስ ዋጋም ወደቀ። ግን በዚያም በጨረታው በርካሽ የሚሸጡት በብዛት ያልሠለጠኑ፣ የሚታወቅ ዘር የሌላቸው ወይም እግራቸው የታመመ ናቸው። የሠለጠነና ጤነኛ ፈረስ ያኔም ገዢ ነበረው።

ጥያቄ፦ ለዕቃ ጋሪ ርካሽ ፈረስ መግዛት እፈልጋለሁ። ምን ልይ? (ከባሕር ዳር፣ ባለጋሪ)

መልስ፦ ጥርሱን ይቁጠሩ። የፊት ጥርሶቹ ሁለት ሁለት ሆነው በ2 ዓመት ተኩል፣ በ3 ተኩልና በ4 ተኩል ይለወጣሉ፤ በ5 ሙሉ አፍ ይሆናል። በላይኛው የዳር ጥርስ ላይ ቡናማ ቦይ ከድድ ብቅ ካለ 10 ዓመት ገደማ ነው፤ እስከ ግማሽ ከወረደ 15።

ከዚያ ኮርቻውንና ጭነቱን አስወርደው ገጣባ ካለ ይዩ። በጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ ያስሩጡት፤ ራሱን በአንድ በኩል ብቻ የሚነቀንቅ ያነክሳል። በእጅዎ ደረቱን፣ አንገቱንና የእግሮቹን ውስጠኛ ክፍል ይዳብሱ፤ ከቆዳው ሥር እንደ ገመድ የተሰለፉ፣ አንዳንዶቹ ፈንድተው መግል የሚያወጡ እባጮች ካሉ በነጻ ቢሰጥዎት አይውሰዱ። ይህ ከቁስል ወደ ቁስል፣ በዝንብና በጋራ ዕቃ የሚተላለፍ የፈንገስ በሽታ ነው፤ በባሕር ዳር ዓይነት ሞቃታማና እርጥብ ወይና ደጋ ይበዛል። የገዙትንም ለ3 ሳምንት ለብቻው ያቆዩት፤ ኮርቻና ብሩሽ አያጋሩት። ሐይቁ ዳር ከሆኑ «የአፍሪካ ፈረስ በሽታ» ለሚባለው ከክረምት በፊት ያስከትቡት፤ ከፀሐይ መግቢያ እስከ ንጋት ጥቃቅን ትንኞች ስለሚያስተላልፉት ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ በረት ያስገቡት።

ጥያቄ፦ የ18 ወር ሴት ውርንጭላችን በወል ግጦሽ ላይ ባልታወቀ ድንጉላ ተጠቅታለች። ቀረ ማለት ነው? (ከዘንዘልማ)

መልስ፦ ከፈጠኑ አልቀረም። ከተጠቃች ከ6ኛው ቀን በኋላ፣ ከ35ኛው ቀን በፊት ሐኪም በፕሮስታግላንዲን መርፌ እርግዝናውን ሊያቋርጠው ይችላል። ለላሞች የድራት ማስተካከያ የሚሠሩበት መድኃኒት ስለሆነ በወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይጠይቁ። ከተወጋች በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ሊያልባትና ሆዷን ሊቆርጣት ይችላል፤ ያልፋል። ነፍሰ ጡር ሴትና አስም ያለበት ሰው ግን መድኃኒቱን አይንኩ። ከ35 ቀን በኋላ ሥራው ከባድ ስለሚሆን ብዙ ጊዜ የሚሻለው እርግዝናውን ትቶ በደንብ መቀለብ ነው፤ በመጨረሻዎቹ 3 ወራት በቀን 1 ኪሎ ያህል ፉርሽካና ትንሽ የኑግ ፋጉሎ ይጨምሩላት።

ለወደፊቱ ባዝራ በየ21 ቀኑ ድንጉላ እንደምትፈልግ ይያዙ፤ ፍላጎቷ ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆያል። ጭራዋን ታነሣለች፣ ቶሎ ቶሎ ትሸናለች፣ ወደ ወንዶች ትጠጋለች። እነዚያን ቀናት ከቤት አጠገብ ካስማ ላይ አስረው ሣር ያጭዱላት። የወለደች ባዝራም ከ7ኛው እስከ 10ኛው ቀን እንደገና ድንጉላ ትቀበላለች፤ ከወል ግጦሹ ያን ሳምንት ካልተለየች ገና እያጠባች ትከብዳለች። ግጦሹን የምትጋሩ ጎረቤቶች ዓመት የሞላው ወንድ ሁሉ እንዲኮላሽ ወይም ታስሮ እንዲውል በቀበሌው ብትስማሙ ደግሞ ማሠሩ ራሱ ይቀንስላችኋል። አሁን ግን ወደ ክሊኒኩ ከመሄድዎ በፊት የተጠቃችበትን ቀን በወረቀት ይጻፉ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ እሱን ነው።