በባዕድ ከተማ ጥሩ የጣሊያን ምግብ ቤት ስለ መለየት

ጤና ይስጥልኝ። በማያውቁት ትልቅ የውጭ ከተማ ጥሩ የጣሊያን ምግብ ቤት እንዴት እንደሚገኝ ለጠየቁት፣ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመለከተው የምግብ ዝርዝሩን ነው። ዝርዝሩ አጭር ሆኖ የአንድ አካባቢን፣ ለምሳሌ የሮማን ወይም የናፖሊን ምግብ ብቻ የያዘ ከሆነ፣ ቤቱ የሚሠራውን ጠንቅቆ እንደሚያውቅ ጥሩ ምልክት ነው። በተለይ ካርቦናራ የሚባለው የፓስታ ምግብ በምን በምን እንደሚሠራ ያንብቡ፤ በሮማ አሠራር እንቁላል፣ ፔኮሪኖ አይብ፣ ቁንዶ በርበሬና ጓንቻሌ የሚባለው የአሳማ ጉንጭ ሥጋ እንጂ ክሬም አይገባበትምና፣ ክሬም ተጽፎ ካዩ ሌላ ቤት ቢፈልጉ ይሻላል። የሚፈልጉት ፒዛ ከሆነ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ናፖሊ ውስጥ የተቋቋመው የእውነተኛ ናፖሊ ፒዛ ማኅበር በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ አባል ቤቶቹን በድረ ገጹ ይዘረዝራል።