መኪኖች ይነጋገራሉ፣ ይግባባሉ ወይስ ይናበባሉ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው። ያለ አሽከርካሪ ስለሚሄዱና በሬዲዮ መልእክት ስለሚለዋወጡ መኪኖች የተጻፈ ነገር ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ርእሱን «የሚግባቡ ራስ ገዝ መኪኖች ደኅንነቱ የተጠበቀ ቅንጅት» ብለው ጓደኛዬ ሳቀብኝ። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ጓደኛዎ የሳቁት በ«ራስ ገዝ» ሳይሆን አይቀርም። ቃሉ ክልልና ዩኒቨርሲቲ የለመደ ስለሆነ መኪናው የራሱ ምክር ቤት ያለው ያስመስለዋል። «ሰው አልባ»ም አይሆንም፤ ተሳፋሪው ውስጥ ተቀምጧልና። «አሽከርካሪ አልባ» ይበቃል።

እኔን ያሳሰበኝ «የሚግባቡ» ነው። ተነጋግሮ ሳይግባባ የሚለያይ ስንት አለ! እዚያው እርስዎ ሰፈር፣ የአዳማው ፍጥነት መንገድ መግቢያ አካባቢ፣ አንድ ምሽት አንድ አይሱዙ መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ አደረገ። ሚኒባሱ «እለፍ» ያለው መስሎት ገባ፤ አይሱዙው ለካ «መጣሁ፣ ቁም» ማለቱ ነበር። ጭድ የተጫነች አህያ መሀል ገብታ ሁለቱንም አስቆመቻቸው እንጂ ይላተሙ ነበር። መልእክቱ ደርሷል፤ መግባባት ግን አልነበረም።

አሽከርካሪ አልባዎቹ የሚለዋወጡት ቦታን፣ ፍጥነትንና አቅጣጫን ነው፤ በተለመደው አሠራር በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሁለት መልእክቶች መካከል 1 ሜትር ከ70 ሳንቲም ገደማ ይጓዛል። አንዱ የሌላውን እያነበበ አካሄዱን ያስተካክላል። ይህ «መናበብ» ነው። በግእዝ «ነበበ» ተናገረ ማለት ነው፤ «አነበበ» ሲሆን ወደ መጽሐፍ ይሄዳል፤ «ተናበበ» ሁለቱንም አልጣለም። በሰዋስውም «ቤት» ከ«መጻሕፍት» ጋር ሲናበብ «ቤተ መጻሕፍት» ይሆናል፦ የፊተኛው መድረሻውን ይለውጣል፣ የኋለኛው እንዳለ ያልፋል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ቅድሚያ መስጠት ከዚህ በምን ይለያል? (የኳስ ጋዜጠኞች «ተናበው ተጫወቱ» ሲሉ የሚቆጡ አሉ። እኔ አልቆጣም።)

«ቅንጅት» መቀናጆን ያስታውሳል፤ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው የሚያርሱበትን። እዚያ ቀንበር አለ፤ አንዱ በሬ ሲቆም ሌላው መቆሙ የግድ ነው። መኪኖቹ ቀንበር የላቸውም። መልእክት ሲዘገይ ወይም ሲቋረጥ እያንዳንዱ በራሱ ካሜራና ራዳር እያየ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ርቀቱን ማስፋት አለበት። ዝምታን «መንገዱ ባዶ ነው» ብሎ ማንበብ አይችልም፤ ያቺ አህያ ምንም መልእክት አትልክም፣ አሮጌው አይሱዙም እንዲሁ። ተጠጋግተው በሰልፍ ለሚጓዙ የጭነት መኪኖች «ቅንጅት» ቢሉ ግን አልከራከርዎትም፤ ወደ ጥማድ ይቀርባሉ።

«ደኅንነቱ የተጠበቀ» የመጋዘን ማስታወቂያ ይመስላል። እኔ ብሆን «ተናባቢ አሽከርካሪ አልባ መኪኖች ሳይጋጩ የሚተላለፉበት ዘዴ» እል ነበር። ሲጽፉ «ናባቢ»ው ወደ «ነባቢ» እንዳይንሸራተትብዎ፤ «ተነባቢ» እንደ ብ፣ እንደ ግ ያለው፣ ያለ አናባቢ የማይንቀሳቀሰው ድምፅ ነው።